ዝምታውን አትተርጉሙት

ለ፦ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ ለምትመልሱ ተርጓሚዎች፣ ተራኪዎችና ድምፅ ሰጪዎች
ለ፦ በየቴሌቪዥን ጣቢያው ፊልም ለምትመርጡና ለምታሳልፉ ክፍሎች
ጉዳዩ፦ "ካርኒቫል ኦፍ ሶውልስ" የተባለው የ1962 የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም ሲተረጎም እንዲደረግለት ስለምጠይቀው ጥንቃቄ

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው፤ ሌሊት፣ ሳሎን ቁጭ ብለን፣ መብራት አጥፍተን። መካከሉ ላይ ባለታሪኳ ልብስ መሸጫ ገብታ ቀሚስ ትለካለች። ከመለኪያው ክፍል ስትወጣ የቴሌቪዥናችን ድምፅ ጠፋ። ገበያተኛው ይተላለፋል፣ ሻጮቹ ያወራሉ፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። ወንድሜ "ሳውንዱ ሄደ" ብሎ ተነሣና የስፒከሩን ገመድ ነቅሎ ሰካው። እኔም ሪሞቱን አንሥቼ ድምፅ ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቶ የሴትዮዋ የጫማ ተረከዝ ወለሉን ሲመታ ተሰማ። ወንድሜ ገመዱን ያስተካከለው መስሎት ሊቀመጥ ሲል፣ ሴትዮዋ ሻጯን ለማናገር ትሞክራለች፤ ሻጯ ዞር ብላ እንኳ አታያትም። ወደ ሌላ ሰው ትጠጋለች፤ እሱም በአጠገቧ ያልፋል። ወንድሜ ገመዱን እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ።

"ለእሷም ጠፍቶባታል እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ፊልሙ እስኪያልቅ አንዳችንም አልተነፈስንም።

ከዓመታት በኋላ ይኸው ፊልም በአማርኛ ተተርኮ አገኘሁት። የማን ሥራ እንደሆነ መጥቀስ አልፈልግም፤ ለዚህ ደብዳቤም አያስፈልግም። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ያ የልብስ መሸጫው ቦታ ሲደርስ ተራኪው ድምፁን ከፍ አድርጎ "አሁን እንግዲህ ማንም ሊሰማት አልቻለም፤ ጉድ ፈላባት!" አለ። ከሥሩ ደግሞ ያስፈራል ተብሎ የተመረጠ የኮምፒዩተር ሙዚቃ ገባ፤ ድም ድም የሚለው፣ በየፊልሙ የምንሰማው ያው ሙዚቃ። አጠፋሁት። ወንድሜ ያን ሌሊት ገመድ ጨብጦ የቆመበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነገረና አለቀ።

ተራኪውን ልወቅስ አይደለም የምጽፈው። እኔ ራሴ የእናንተ ሙያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። በልጅነቴ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ሲገባ "ህንድኛ እችላለሁ" የሚል አንድ ልጅ ነበረን፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ ይተረጉምልናል። አንዲት ቃል እንደማይችል ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። ሆኖም ፊልሞቹ ሁሉ በእሱ ድምፅ ናቸው የሚታወሱኝ፤ አንዳንዶቹንማ ከደራሲው አሻሽሎ ሳይተርካቸው አልቀረም። እንግዲህ የተራኪ ጠላት አይደለሁም። የቴሌቪዥን ሰውም ጸጥታን ለምን እንደሚፈራ ይገባኛል። ድምፅ ለአሥር ሰከንድ ከተቋረጠ ቴክኒሻኑ ይጠራል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ተመልካቹ ቻናል ይቀይራል። ለዚህ አንድ ፊልም ግን ያ ፍርሃት ራሱ ነው ሥራው።

ፊልሙን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። የሠራው ኸርክ ሃርቪ ይባላል። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ ሴንትሮን በተባለ ድርጅት ውስጥ የማስተማሪያና የፋብሪካ ፊልሞች ይሠራ ነበር፤ ስለ ሥራ ደኅንነት፣ ስለ ጨዋነት፣ ተማሪ በትምህርት ቤት እንዴት መሆን እንዳለበት የሚያሳዩትን ዓይነት። አንድ ጊዜ ከካሊፎርኒያ ወደ ቤቱ በመኪና ሲመለስ በዩታ ግዛት ታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር አንድ ግዙፍ ባዶ ሕንፃ አየ። ሶልትኤር ይባላል። በ1893 ለመዋኛና ለዳንስ የተሠራ፣ ጉልላታም፣ በዘመኑ ባቡር ሰው እያጋዘ ያመጣለት የነበረ መዝናኛ ነው። በ1925 ተቃጠለ፤ እንደገና ተሠራ፤ ሐይቁ እየሸሸ በደረቅ መሬት ላይ ተወው፤ በ1958 ተዘጋ። ሃርቪ ያየው ከተዘጋ በኋላ ነው። ቤቱ ሲደርስ ለሥራ ባልደረባው ለጆን ክሊፎርድ ድርሰት እንዲጽፍለት ጠየቀው። መጨረሻው ላይ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሙታን እንዲደንሱ ብቻ ነው የፈለገው፤ ሌላውን ለክሊፎርድ ተወለት። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ በሦስት ሳምንት ገደማ ቀረጸው። ወጪው ወደ 33,000 ዶላር ቢሆን ነው፤ ለሆሊውድ የሻይ ገንዘብ ማለት ነው። ሕንፃውም ዕድሜ አልነበረውም፤ በ1970 ዳግም ተቃጥሎ ጠፋ። ዛሬ ያንን አዳራሽ በዚህ ፊልም ውስጥ ማየት ይቻላል።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። መግቢያ የለውም፤ ገና ከመከፈቱ ሁለት መኪኖች እሽቅድምድም ላይ ናቸው። አንደኛው ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። አሮጌ ድልድይ ላይ መኪናቸው አጥሩን ጥሶ ወንዝ ይገባል። የአካባቢው ሰው ወንዙን ሲያስስ ይውላል፤ መኪናው አይገኝም። ከሰዓታት በኋላ አንዷ፣ ሜሪ ሄንሪ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ከአሸዋው ላይ ተነሥታ ትመጣለች። እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ሜሪ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ናት። ብዙም ሳትቆይ ሻንጣዋን ጭና፣ ዩታ ውስጥ ባገኘችው አዲስ ሥራ ላይ ለመገኘት ብቻዋን መኪና ትነዳለች። ሌሊት ነው። ሬዲዮዋን ብትነካካ ከየጣቢያው የሚመጣው ኦርጋን ብቻ ነው። በጎን መስኮቱ መስታወት የራሷን ፊት ታያለች፤ ቀጥሎ ግን የራሷ ፊት በነበረበት ቦታ አንድ ነጭ የወንድ ፊት እያያት ነው።

ከዚህ በላይ አልተርክም። መጨረሻውን አልነካም፤ እናንተም እንዳትነኩት ነው ልመናዬ። "ፊልሙ በ10 ደቂቃ" እያሉ የሚያቀርቡ ወገኖቻችን በተለይ። በእርግጥ ንቁ ተመልካች ፍጻሜውን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሊገምተው ይችላል፤ እኔም ገምቼው ነበር። መገመቴ ግን አላዳነኝም። ፊልሙ እንቆቅልሽ ቢሆን ኖሮ መልሱን ያወቀ ሰው ይገላገል ነበር። ይህኛው ግን የሚያስፈራው ሰው ካወቀው በኋላ ነው፤ ተመልካቹ ያወቀውን ሴትዮዋ አለማወቋ ነው የሚከብደው።

እንግዲህ የሚያስፈራው ምንድን ነው? ደም የለበትም። ቢላ የለበትም። ድንገት "ዋ!" ብሎ የሚያስደነግጥ ነገርም እምብዛም አታገኙበትም። ያ ነጭ ፊት ያለው ሰው ዱቄት የተቀባ፣ ዓይኑ ሥር ያጠቆረ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ተራ ሰው ነው፤ ዳይሬክተሩ ሃርቪ ራሱ ነው የተጫወተው። አያሳድድም ማለት ይቻላል። ይቆማል፤ ያያል፤ ፈገግ ይላል። አንድ ጊዜ ሜሪ የተከራየችበት ቤት ደረጃ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ያያታል። ሮጣ ክፍሏ ትገባለች። ቀጥሎ ደረጃውን ወጥታ የምትመጣው አከራይዋ ምግብ ይዛላት ነው፤ ማንንም አላየችም። ይህ ነው ትዕይንቱ። ሌላ ፊልም ቢሆን በሩን ሰብሮ ይገባ ነበር። እዚህ ግን ሰውዬው አይቸኩልም፤ ጊዜ ያለው ሰው አስተያየት ነው የሚያያት። አበዳሪ የተበዳሪውን ቤት ካወቀው ምን ያስቸኩለዋል?

ሁለተኛው ነገር ብርሃኑ ነው። ሃርቪ ዕድሜውን የፈጀው የማስተማሪያ ፊልም ሲሠራ ስለሆነ ነገሮችን እንዳሉ ያነሣቸዋል፤ መኝታ ቤቱ መኝታ ቤት ነው፣ ጋራዡ ጋራዥ ነው፣ መናፈሻው በጠራራ ፀሐይ የሚታይ መናፈሻ ነው። ለአስፈሪ ፊልም የሚደረገው ጭጋግ፣ ሸረሪት ድር፣ የሚንቋቋ በር የለም። ወንድሜ "የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ይመስላል" ብሎ ሲስቅበት ነበር፤ ልክ ነው፣ ይመስላል። ስለዚህም ነው ነጩ ፊት በዚያ ተራ ዓለም ውስጥ ብቅ ሲል መሸሸጊያ የሚያጡት። ጭጋግ ውስጥ የታየ ሙት ጭጋጉ ሲገፈፍ ይሄዳል። አውቶብስ ተራ ላይ በቀን የታየ ግን ወዴት ይሄዳል? በ1968 የወጣውን "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ" የተባለ አስፈሪ ፊልም ያያችሁ፣ የእነዚያን ገርጣጣ ፊቶች የሥጋ ዘመድ እዚህ ታገኛላችሁ፤ በስድስት ዓመት ቀድመው።

ከሰውዬው ይልቅ አንዳንዴ የሚያስጨንቀኝ ግን ሕያው የሆነው ጎረቤቷ ነው። ጆን ሊንደን ይባላል፤ ከክፍሏ ፊት ለፊት የሚኖር ተከራይ። ልብስ ስትለብስ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ያያታል፤ በጠዋት ቡና ይዞ ይመጣና ቡናው ውስጥ አልኮል ይጨምራል፤ አይሆንም ብትለው አይሰማም። ብቻዋን ክፍል ተከራይታ የኖረች ሴት ሁሉ ይህን ሰው ታውቀዋለች። ፊልሙ ጨካኝ የሚሆነው ሜሪ ከሰውዬው ለማምለጥ ስትል ይህንኑ ጎረቤት አጠገቧ እንዲሆን መለመን ስትጀምር ነው። በአንድ በኩል ሙቱ፣ በሌላ በኩል ይኸኛው፤ በመካከሉ ሌላ ሰው የላትም። ካንዴስ ሂሊጎስ የተባለችው ተዋናይት ይህን ሁሉ የምትሸከመው በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ ነው። ብዙም አትጮኽም፤ ብዙውን ጊዜ ግራ የገባት፣ ትንሽም የተቆጣች ሰው ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ፣ ወደ ድምፁ ልመለስ።

የፊልሙ ማጀቢያ ከሞላ ጎደል አንድ መሣሪያ ነው፤ ጂን ሙር የተጫወተው ኦርጋን። ባለታሪኳም ኦርጋን ተጫዋች ናት። ስለዚህ ሙዚቃ በተሰማ ቁጥር፣ ይህ ለእኛ ለተመልካቾች የተጨመረ ማጀቢያ ነው ወይስ እሷም እየሰማችው ነው? አታውቁትም። የመኪናዋ ሬዲዮ ላይ የሰማችው ያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትጫወተውም ያው ነው። አንድ ምሽት ብቻዋን ስትለማመድ ጣቶቿ ከመዝሙሩ እየተንሸራተቱ ወደ ሌላ፣ ወደማይታወቅ ዜማ ይገባሉ፤ በዓይነ ልቡናዋ በዚያ ባዶ አዳራሽ የሚደንሱትን ታያለች። ቄሱ ደርሶ እጇን እስኪይዝና ቅዱሱን ቦታ አረከስሽው ብሎ እስኪጮኽባት ድረስ አታቆምም። እንግዲህ ከዚህ ሥር ሌላ የኮምፒዩተር ሙዚቃ ስትጨምሩበት ምን እንደሚሆን አስቡት። ኦርጋኑ የእሷ መሆኑ ይቀራል። ከውጭ የገባ ሙዚቃ ከበዛ ተመልካቹ "ይህን እሷ ሰማችው?" ብሎ መጠየቁን ይተዋል፤ ያ ጥያቄ ከቀረ ደግሞ ፊልሙ ስለ አንዲት መኪና ስለምትነዳ ሴት ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ነው ጸጥታው ሲመጣ እንደ ገደል የሚሆነው። ያ ኦርጋን ሲያሰለቸን፣ "ምነው ቢያርፍ" ስንል ቆይተናል። ሲያርፍ ግን ከኦርጋኑ ጋር ዓለሙም ያርፋል፤ መኪናው፣ ሰዉ፣ ወፉ። ሁለት ጊዜ ነው ይህ በግልጽ የሚሆነው፤ በልብስ መሸጫው፣ ኋላም አውቶብስ ተራው አካባቢ። ከመጀመሪያው ጸጥታ የሚያወጣት አንድ የወፍ ድምፅ ነው። ወደ መናፈሻ ሮጣ ዛፍ ተደግፋ ቆማለች፤ ወፍ ይጮኻል፤ ዓለም ይመለሳል። እስከ ዛሬ በፊልም ውስጥ የወፍ ጩኸት እንዲህ ያስደሰተኝ ጊዜ የለም። ወፉ ላይ ግን ተራኪ ቢናገርበት፣ "አሁን ደግሞ መስማት ጀመረች" ቢል፣ ወፉ ወፍ ብቻ ሆነ። በኋላ ለደረሰላት ሐኪም ስትነግረው፣ መስማት አለመቻል ብቻ እንዳልነበረ፣ ለጊዜው ጨርሳ እንዳልነበረች፣ በዓለም ውስጥ ቦታ እንዳልነበራት ያህል ሆኖ እንደተሰማት ትናገራለች። እሷ ራሷ እንዲህ አብራርታ ትናገረው የለ? ተራኪው ምን ቀድሞ አስቸኮለው?

ልመናዬ ቀላል ነው። በሁለቱ ጸጥታዎች ውስጥ አትናገሩ። ምንም። ሙዚቃም አትጨምሩ። ማስታወቂያም ከመካከላቸው አታስገቡ፤ ፊልሙ በሲኒማ የወጣው ቅጂ 78 ደቂቃ ነው፣ ረዘም ያለው ደግሞ 84፤ ማስታወቂያ ለማስገባት ሌላ ቦታ አይጠፋም።

ስለ ትርጉሙ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ግን ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ስሙን "የነፍሳት ካርኒቫል" ብላችሁ ብትለጥፉት ግማሹ ተመልካች ስለ ትንኝና ስለ ጉንዳን የሚናገር ዘጋቢ ፊልም ይመስለዋል። "የነፍሶች" ቢባል ይሻላል። "ካርኒቫል" የሚለውም እኛ ጋ የጎዳና ሰልፍ ነው የሚያስታውሰው፤ እዚያ ግን ከከተማ ከተማ የሚዞር የጨዋታና የትርዒት ገበያ ነው፤ ያ የሐይቅ ዳር ሕንፃም በፊልሙ ውስጥ መጨረሻ ያገለገለው ለዚህ ነበር። እኔ ብሆን "የነፍሶች ጭፈራ" እለው ነበር።

ኦርጋኑንም ተጠንቀቁ። ዛሬ "ኦርጋን" ስንል ሠርግ ቤት የሚመጣው ኪቦርድ ነው በሰው ዓይን ላይ የሚመጣው። የሜሪ ግን ግድግዳ የሚያክል፣ ነፋስ በቱቦ የሚነፋ፣ ሲጮኽ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ነው። አንድ ጊዜ "የቱቦ ኦርጋን" ማለት ይበቃል።

መጀመሪያው አካባቢ ኦርጋን በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ኃላፊው ሜሪን ሲመክራት ነፍሷን እንድታስገባበት ይነግራታል። አማርኛችን እዚህ ላይ "ከልብሽ ተጫወቺው" ብሎ ለማለፍ ይቸኩላል፤ ያምራልም። እባካችሁ አትለፉት። "ነፍስሽን ጨምሪበት" በሉ፤ ቢጎረብጥም ይጎርብጥ። ያ ቃል ለምን እንዳስፈለገ ፊልሙ ሲያልቅ ይገባችኋል። እሷም ቤተ ክርስቲያን ለእኔ ሥራ ነው፣ ሌላ አይደለም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ትሰጣለች። ለእኛ ጆሮ ይህ ደፋር ንግግር ነው፤ ተመልካች እንዳይቀየም ብላችሁ አታለዝቡት። ሴትዮዋ ከሰውም ከእግዚአብሔርም ራቅ ብላ መኖርን የመረጠች ናት። ቄሱም ከሰው ተለይተሽ መኖር አትችዪም ብሎ ይመክራታል፤ እሷ ግን የምትችል ይመስላታል።

ከሁሉም የምጓጓለት ግን እንግሊዝኛው የሌለው፣ እኛ ብቻ ልንጨምርለት የምንችለው አንድ ነገር ነው። ሜሪ ለሁሉም "እርስዎ" ትበል። ለአከራይዋ፣ ለቄሱ፣ ለሐኪሙ፣ ለዚያ ለጎረቤቷም ጭምር። አከራይዋ "አንቺ" ትበላት፤ እሷ "እርስዎ" ብላ ትመልስ። ሊንደን ገና በር ሲያንኳኳ "አንቺ" ብሎ ይጀምር፣ እሷ "እርስዎ" ትበለው፤ ማክበሯ እንዳልሆነ እሱም ይገባዋል፣ ተመልካቹም። የእኛ ቋንቋ አክብሮትን አጥር ማድረግ ይችልበታል። ሰው የተጣላውን "አንቱ" ሲል ሰምታችሁ የለ? ከዚያ ያቺ ምሽት ስትመጣ፣ ብቻዋን ማደር አቅቷት ያንን ጎረቤት "አትሂድ" ስትለው፣ ያኔ ብቻ "አንተ" ትበል። አንዲት ቃል ናት። ሳሎን የተቀመጠ ሰው ግን የሴትዮዋ አጥር መፍረሱን በዚያች ቃል ይሰማል።

ነጭ ፊት ላለው ሰው ደግሞ ስም አታውጡለት። "ጋኔኑ"፣ "ሙት መንፈሱ"፣ "ሰይጣኑ" እየተባለ ሲተረክ ሰምቻለሁ። በፊልሙ ስም የለውም፤ ሰው ብቻ ነው የሚባለው። አማርኛ ለዚህ የተፈጠረች ይመስል "ሰውዬው" የሚል ቃል ሰጥታናለች። "ሰውዬው መጣ።" የትኛው ሰውዬ? ያው ሰውዬው። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ስም ልታወጡለት አትችሉም።

ድምፅ ሰጪዎች ከፊልሙ ጋር አፍ ለማገጣጠም ብዙ አትድከሙ። በራሱ በእንግሊዝኛው ቅጂ ንግግሩ ብዙ ቦታ ከአፋቸው ጋር በደንብ አይገጥምም፤ በኋላ የተጨመረ መሆኑ ያስታውቃል። ለሌላ ፊልም ጉድለት ነበር። እዚህ ግን ሰዎቹ ከድምፃቸው ትንሽ ራቅ ያሉ መምሰላቸው ይስማማዋል። በትርጉም ፊልም ላደግን ለእኛማ የቤታችን ነገር ነው።

ቅጂ ስትፈልጉ ደግሞ አትቸገሩም። አከፋፋዩ ባሰራጫቸው ቅጂዎች ላይ የባለቤትነት ማስታወቂያ ባለመኖሩ፣ በጊዜው በነበረው ሕግ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ሆኖ ቀረ። ሃርቪ ከዚህ ፊልም የረባ ነገር አላገኘም፤ ወደ ማስተማሪያ ፊልሞቹ ተመለሰ፣ ሌላም ረጅም ፊልም አልሠራም። በ1989 ፊልሙ ተፈልጎ እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ1996 ነው። የሕዝብ ንብረት መሆኑ በረከትም መርገምም ሆኖበታል። በየቦታው ይገኛል፤ ግን ብዙው ቅጂ የቅጂ ቅጂ ነው፣ ግራጫ፣ የተቦጫጨቀ፣ ከሥሩ "ሽሽሽ" የሚል። ይህ ሹክሹክታ ባለበት ቅጂ ጸጥታው ጸጥታ አይሆንም፤ ድምፁ ሲጠፋ ሽታው የቀረ ወጥ ይመስላል። የታደሱ ጥሩ ቅጂዎች አሉ፤ የአዳሾቹን ፈቃድና ሁኔታ ጠይቃችሁ ከእነሱ አንዱን ያዙ። ቀለም የተቀባበትም አለ፤ እሱን ተዉት። በ1998 በዚሁ ስም የወጣው ሌላ ፊልም ነው፤ ከዚህኛው ጋር ከስሙ በቀር ብዙም አይገናኝምና ተሳስታችሁ እንዳትገዙት።

አንድ ነገር ሳወጣ ሳወርድ ቆይቻለሁ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት "በዚህ ፊልም ውስጥ ድምፅ የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ ቴሌቪዥንዎ አልተበላሸም" የሚል ጽሑፍ እንድታወጡ ልጠይቅ ነበር፤ ስልክ እንዳይበዛባችሁ አስቤ። ተውኩት። ወንድሜ ያንን ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ ያሳለፋት ግማሽ ደቂቃ፣ እኔም ሪሞት ይዤ ስታገል የነበረው፣ የፊልሙ ክፍል ነበር። ተመልካቹ ይነሣ፤ ገመዱን ይነቅንቅ፤ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ድምፅ ያዳምጥ።

ስልክ የሚያነሣውን ባልደረባችሁን ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ደዋዩ "ድምፅ ጠፋብን" ሲለው፣ "እኛም ጋ ጠፍቷል" ብሎ ይዝጋበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተመልካች
አዲስ አበባ